«የዓለም ፓስፖርት» ዜግነት ለሌለው ሰው መታወቂያ ሊሆን ይችላል?

ጠያቂ፦ ወለላ ዘሜሪላንድ

ለጥያቄዬ ጊዜ ለምትሰጡ ሁሉ በቅድሚያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የባለቤቴ ታናሽ እህት የተወለደችውም ያደገችውም አዲስ አበባ ነው፤ ይሁን እንጂ የወላጆቻቸው ትውልድ ከኤርትራ ስለሆነ በ1998 እ.ኤ.አ. የሁለቱ አገሮች ጦርነት በተቀሰቀሰ ጊዜ አባትየው ወደ አስመራ ከተላኩት ሰዎች አንዱ ሆኑ። እሷ ከእናቷ ጋር ቀረች፤ የቀበሌ መታወቂያዋ ግን ከዚያ ወዲህ አልታደሰላትም፣ ፓስፖርት ለማውጣት በጠየቀችበት ቦታም የዜግነት ማስረጃ እንድታመጣ ተነግሯት ባዶ እጇን ተመልሳለች። የኤርትራ ወረቀት ጠይቃም ሆነ ይዛ አታውቅም። ባለቤቴ ከጦርነቱ በፊት በዲቪ ስለመጣ ይህ ሁሉ አልደረሰበትም። እሷ ብዙ አገር አቋርጣ ከጥቂት ወራት በፊት እዚህ ደርሳለች፤ በእጇ ያለውም የክርስትና ካርድ፣ የስምንተኛ ክፍል የሚኒስትሪ ውጤትና ጊዜው ያለፈበት የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ብቻ ነው።

ሰሞኑን አንድ ወዳጃችን፣ ዋሽንግተን ከተማ የሚገኝ ድርጅት «የዓለም ፓስፖርት» የሚባል ሰነድ እንደሚሰጥ፣ ለማግኘትም ስለ ራስ ማንነት አስታውቆ ማመልከቻ መሙላትና መክፈል እንደሚበቃ ነገረን። ደብተሩን አሳይቶናል፤ ከመንግሥት ፓስፖርት በምንም የሚያንስ አይመስልም። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ይህ ሰነድ ለሥራ፣ ለባንክ ወይም ለጥገኝነት ጉዳይዋ ይረዳታል ወይስ ይጎዳታል? ሁለተኛ፣ ይህ ካልሆነ፣ መንግሥት ያልሰጠው ነገር ግን ሰው ስለ ራሱ የሚናገርበትና ክብደት የሚሰጠው ሌላ ወረቀት አለ?

መላሽ፦ መዝገብ አገላባጭ

ሰነዱን የአጭበርባሪ ሥራ አድርጎ ማየት ልክ አይመስለኝም፤ የራሱ ታሪክ ያለው ነውና በአጭሩ ልንገርዎ። (ዓመታቱን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ።) ጀማሪው ጋሪ ዴቪስ በብሮድዌይ ቲያትር ተዋናይ የነበረ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንድሙ የሞተበት፣ እሱም ራሱ የቢ-17 ቦምብ ጣይ አብራሪ ሆኖ የጀርመን ከተሞችን የደበደበ አሜሪካዊ ነው። ያ ሥራው ስላልለቀቀው በ1948 ፓሪስ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ በመሐላ ዜግነቱን ተወ። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በፓሪስ ተቀምጦ ሳለ ከተመልካቾች መካከል ተነስቶ ስብሰባውን በማቋረጥ የዓለም መንግሥት እንዲቋቋም ጠየቀ፤ አልቤር ካሙን የመሰሉ ጸሐፍትም ከጎኑ ቆመው ነበር። በ1953 ኤልስዎርዝ በምትባል የሜይን ከተማ «የዓለም መንግሥት» ማወጁን ተናገረ፤ በማግስቱ ዓመትም ወርልድ ሰርቪስ አውቶሪቲ የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ ፓስፖርቱን ማተም ጀመረ። ደብተሩ በሰባት ቋንቋዎች የተጻፈ ሲሆን አንዱ ኤስፔራንቶ የተባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ ነው። ሕጋዊ መሠረቴ ብሎ የሚጠቅሰው፣ ማንኛውም ሰው ከየትኛውም አገር የመውጣትና ወደ አገሩ የመመለስ መብት አለው የሚለውን የዓለም አቀፉን የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 13 ነው።

ይህ ሁሉ የሚያስከብረው ቢሆንም፣ ለጥያቄዎ የሚጠቅመው በሩ ላይ የሆነው ነገር ነው። ዴቪስ ራሱ በ1977 በዚሁ ፓስፖርት ወደ ተወለደበት አገር ሊገባ ሲሞክር ኢሚግሬሽን አላስገባህም አለው። ክርክሩ ለዋሽንግተን ፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርቦ በ1979 ውሳኔ ሲያገኝ፣ ፍርድ ቤቱ ሰውየው ዜግነቱን በፈቃዱ ስለተወ በሕግ ዓይን የውጭ አገር ሰው መሆኑን፣ የያዘው ደብተርም የመግቢያ ሰነድ እንዳልሆነ አረጋገጠ። ከዚያም በ2016 በቀድሞ ስሙ ሞስ ዴፍ ተብሎ የሚታወቀው አሜሪካዊ ድምፃዊ ያሲን ቤይ፣ ከኬፕ ታውን ተነስቶ ወደ ኢትዮጵያ ሊበር ሲል የዓለም ፓስፖርት በማሳየቱ ተይዞ ተከሷል፤ ክሱ የተነሣለት ከወራት በኋላ ይቅርታ ጠይቆ ደቡብ አፍሪካን ለቆ ሊወጣ ሲል ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ለድንበር ጠባቂዎቹ በሚያወጣው የጉዞ ሰነዶች ሠንጠረዥ ይህን ደብተር የመደበው ከምናባዊ ፓስፖርቶች ተራ ነው። ያሲን ቤይ ዝነኛ ነበር፣ ጠበቃ መግዛት የሚችል ገንዘብና እውነተኛ የአሜሪካ ዜግነትም ነበረው። የባለቤትዎ እህት ከእነዚህ አንዱም የላቸውም።

መላሽ፦ አጥር የለሽ

እኔ ይህን ፓስፖርት በእምነት ይዤዋለሁ፤ ስለዚህ ከላይ የተጻፈው እውነት ቢሆንም ሙሉ ሥዕሉ እንዳይደለ ለማስረዳት እወዳለሁ። ኤኳዶር በ1954፣ የዛሬዋ ቡርኪና ፋሶ በ1972፣ ዛምቢያ በ1973፣ ሞሪታኒያና ቶጎ በ1975፣ ታንዛኒያም በ1995 ይህን ሰነድ እንደሚያውቁት በጽሑፍ ገልጸው ነበር፤ ድርጅቱም በተለያየ ጊዜ ከመቶ ሃምሳ በላይ በሚሆኑ አገሮች ቪዛ ወይም ማኅተም እንዳረፈበት ይናገራል። ኤድዋርድ ስኖደን በ2013 ፓስፖርቱ ተሰርዞ ሞስኮ አውሮፕላን ማረፊያ በቀረ ጊዜ ድርጅቱ ሰነዱን አውጥቶለታል። መንግሥት ሰውን ከመዝገቡ ሊፍቅ የሚችል ከሆነ፣ ሰው ራሱን ለመመዝገብ ለምን የዚያኑ የፋቀውን መንግሥት ፈቃድ ይጠብቃል? እነዚህ እመቤት የተቸገሩት እኮ መንግሥት ያወጣው መታወቂያ ስለነበራቸው፣ በኋላም የሰጣቸው ክፍል ስለነፈጋቸው ነው።

ደግሞም ማንኛውም ሰነድ በመጀመሪያው ቀን ማንም የማያውቀው ነበር። የናንሰን ፓስፖርትን አስታውሱ። በ1922 ኖርዌያዊው ፍሪድቾፍ ናንሰን ሌኒን ዜግነታቸውን ለገፈፋቸው ሩስያውያን ስደተኞች ያስጀመረው ወረቀት፣ አገር የሌለው ሰው ወረቀት ነበር፤ ሆኖም ስትራቪንስኪና ናቦኮቭን ጨምሮ ብዙ መቶ ሺህ ሰው ድንበር ተሻግሮበታል።

መላሽ፦ መዝገብ አገላባጭ

ወዳጄ የናንሰንን ወረቀት ማንሳትዎ ጥሩ ሆነ፤ እኔ ግን ከእርስዎ ተቃራኒ ነገር አይበታለሁ። ያ ወረቀት የሠራው ስደተኛው «እኔ እገሌ ነኝ» ስላለ ሳይሆን፣ መንግሥታት ጄኔቭ ላይ ተሰብስበው እኛ እንሰጠዋለን፣ እናንተ የሰጣችሁትንም እንቀበላለን ብለው ስለተስማሙ ነው። በናንሰን ሐሳብ መነሻ፣ በመንግሥታት ፊርማ የወጣ ሰነድ ነበር ማለት ነው። በ1924 ለአርመናውያን ሲፈቀድም እንዲሁ አዲስ ስምምነት አስፈልጎታል። አንድ የድንበር ሹም ሰነድ ሲመለከት የሚጠይቀው፣ ይህ ሰው ካልተፈቀደለት የሚመልሰው አገር የትኛው ነው፣ ስለ እሱ ብጠይቅ መልስ የሚሰጠኝስ ማን ነው የሚለውን ነው። የዓለም ፓስፖርት ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። የስድስቱን አገሮች ነገርም በልክ መውሰድ ይገባል፤ ደብዳቤዎቹን ከጻፉት ብዙዎቹ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የነበሩ መንግሥታት ናቸው፣ አንድ የኬላ ሠራተኛ ማኅተም መምታቱም አገሪቱ ሰነዱን ተቀብላለች ማለት አይደለም።

«መንግሥት ሲፍቅስ?» ለሚለው ክርክርዎ ግን ሙሉ በሙሉ መልስ አለኝ አልልም። በዚያ ጦርነት ጊዜ ከኢትዮጵያ የተባረሩት ወደ 75,000 ይገመታሉ፤ ብዙዎቹ ኤርትራውያን የተባሉት በ1993ቱ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ስለሰጡ ወይም በወላጆቻቸው ትውልድ ብቻ ነበር። በሄግ የተቀመጠው የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሳ ኮሚሽንም በ2004 በሰጠው ውሳኔ፣ ኢትዮጵያ በጦርነቱ ጊዜ የወሰደችውን እርምጃ በከፊል ሕጋዊ ቢለውም፣ ከተባረሩትና ዜግነታቸውን ከተነጠቁት መካከል በዘፈቀደ የተደረገባቸው እንዳሉ አረጋግጧል።

መላሽ፦ አስተርጓሚ ነኝ

በኢሚግሬሽን ችሎቶችና በጠበቆች ቢሮ በአማርኛና በትግርኛ አስተረጉማለሁ፤ ጠበቃ ስላልሆንኩ የምጽፈውን ለጠበቃ አሳይታችሁ እንድታረጋግጡት አደራ እላለሁ።

እህቴ ወለላ፣ ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ክብደት ያለው ነገር ያለው እዚያ ላይ ነውና። ሰው ስለ ራሱ በራሱ ቃል የሚያዘጋጀው፣ የአሜሪካ መንግሥትም የሚቀበለው ሰነድ አለ፤ እሱም በጥገኝነት ማመልከቻው ላይ የሚያያዘው የራስ ቃል ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. በወጣ የፌዴራል ሕግ መሠረት ለዚህ ኖታሪ እንኳ አያስፈልግም፤ በሐሰት ብናገር በሕግ እጠየቃለሁ የሚል ዓረፍተ ነገር ከቀንና ፊርማ ጋር ካለበት እንደ መሐላ ቃል ይቆጠራል። በጥገኝነት ሕጉም፣ የአመልካቹ ቃል የሚታመን፣ የሚያሳምንና ዝርዝር ያለው ሆኖ ከተገኘ፣ ሌላ ማስረጃ ባይኖርም ብቻውን ሊበቃ እንደሚችል ተጽፏል፤ ምንም እንኳ ዳኛው ሊገኝ የሚችል ማስረጃ እንዲቀርብ ማዘዝ ቢችልም። የዓለም ፓስፖርትም ሆነ ይህ ቃል ሁለቱም «እኔ እገሌ ነኝ» የሚሉ ናቸው። ልዩነቱ፣ በሁለተኛው ላይ የፈረመ ሰው መስቀለኛ ጥያቄ ይጠየቅበታል፣ ከዋሸም ይታሰርበታል። ክብደቱ የመጣው ከዚያ ነው።

በመቀጠል ምስክሮች አሉ። የኢሚግሬሽን ደንቡ የልደት ሰርተፊኬት ማቅረብ የማይቻል መሆኑ ከታየ የቤተ ክርስቲያን ወይም የትምህርት ቤት መዝገብን ሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ አድርጎ ይቀበላል፤ እሱም ከሌለ ነገሩን በቀጥታ የሚያውቁ፣ በጉዳዩ ውስጥ የሌሉ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች በመሐላ የሚሰጡትን ጽሑፍ። የባለቤትሽ እህት የክርስትና ካርድና የሚኒስትሪ ውጤት ስላላት ከብዙዎች የተሻለ ቦታ ላይ ናት። በኢትዮጵያ ዘመናዊው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላው አገሪቱ የተጀመረው በ2016 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ስወለድ የወጣ ሰርተፊኬት የለኝም ቢል የሚያስገርም አይደለም፤ ይህንንም በአገሪቱ ሁኔታ ላይ የሚቀርቡ ጽሑፎች ስለሚያሳዩት በራስ ቃል ላይ መጥቀስ ይጠቅማል። ምስክር ሊሆኑ የሚችሉት የክርስትና እናቷ፣ የቀድሞ ጎረቤት ወይም መምህር ናቸው። «ጥሩ ልጅ ናት፣ እናውቃታለን» የሚል ደብዳቤ ግን ለዳኛ ምንም አይነግረውም። ምስክሩ እሷን ከመቼ ጀምሮ፣ በየትኛው ሰፈር፣ በምን አጋጣሚ እንዳወቃት፣ አባቷ ሲወሰዱ ምን እንዳየ ይጻፍ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስመለስ፣ የዓለም ፓስፖርቱን እንዳትገዙ ነው የምመክረው። አሠሪ የሠራተኛውን ማንነትና የመሥራት መብት በሚያረጋግጥበት አይ-ናይን ቅጽ የሚቀበላቸው ሰነዶች ዝርዝር ተቆርጦ የተቀመጠ ነው፤ ይህ ደብተር በውስጡ የለም። የበለጠ የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሥራ ላይ ባለው ሕግ የጥገኝነት ዳኛ የአመልካቹን ታማኝነት ሲመዝን፣ የማይጣጣሙ ነገሮችን ከጉዳዩ ዋና ነጥብ ጋር ባይገናኙም እንኳ ሊቆጥራቸው ይችላል። በዓለም ፓስፖርቱ ማመልከቻ ላይ የተሞላ የልደት ቀን፣ የስም አጻጻፍ ወይም የትውልድ ቦታ ከጥገኝነት ማመልከቻዋ በአንድ ነገር ቢለይ፣ ምንም ጥቅም ያልሰጣት ወረቀት በችሎት መጠየቂያዋ ይሆናል። የመንግሥት ጠበቃ እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያጠፋበት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያስተረጎምኩትም እኔው ነኝ።

አጥር የለሽ ያነሡት የመፋቅ ነገር ደግሞ በጉዳይዋ ውስጥ ሸክም ሳይሆን ዋናው ፍሬ ነገር ሊሆን ይችላል። አገር አልባ ሰው ጥገኝነት ሲጠይቅ ፍርሃቱ የሚመዘነው መጨረሻ ላይ በቋሚነት ከኖረበት አገር አንጻር ነው። በቺካጎ የሚገኘው የሰባተኛው ወረዳ የይግባኝ ፍርድ ቤትም ትውልዱ ከኤርትራ በሆነ ኢትዮጵያዊ ጉዳይ ላይ በ2010 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ፣ ሰውን በዘሩ ምክንያት ዜግነቱን መግፈፍ ራሱ ጥገኝነት የሚያስጠይቅ በደል ሊሆን እንደሚችል አስረድቷል። አሜሪካ አገር አልባ ሰዎችን የሚመለከቱትን የ1954ቱንና የ1961ዱን ስምምነቶች ስላልፈረመች፣ አገር አልባ መሆን ብቻውን እዚህ ወረቀት አያሰጥም፤ መንገዱ በጥገኝነት በኩል ነው። ጥገኝነት ከተፈቀደላት በኋላ በአይ-131 ቅጽ አመልክታ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ማግኘት ትችላለች፤ ያ መንግሥታት የሚያውቁት የናንሰን ወረቀት ልጅ ነው። የጥገኝነት ማመልከቻው አገር ውስጥ በገባች በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ግን ከሁሉ በላይ አስታውሱ። ጥቂት ወራት አልፈዋል ብለሻል።

መላሽ፦ ከአራት ኪሎ

ከአዲስ አበባ ሆኜ ስለምጽፍ በአሜሪካው ሕግ ላይ የምጨምረው የለኝም። ሆኖም ምስክር ሰነድን ስለመተካቱ የተነሣው ነገር እዚህም አዲስ መልክ ይዟል። የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ፋይዳ ለሚባለው መታወቂያ ለመመዝገብ ማስረጃ የሌለው ነዋሪ፣ አስቀድሞ የተመዘገበ ሰው በሚሰጠው ምስክርነት እንዲመዘገብ ይፈቅዳል። ከዚያ በኋላ የጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ተወስዶ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ይሰጠዋል። ሰውየው በራሱ ቃል ይጀምራል፣ ምስክር ይደግፈዋል፣ ማንነቱ የሚጸናው ግን በሰውነቱ ምልክትና በመዝገቡ ነው። እንደ ድሮው የቀበሌ መታወቂያ ብሔር አይጻፍበትም፤ ይህን ስጽፍ የእህታችን ታሪክ በዓይኔ ላይ ነው። በሌላ በኩል ፋይዳ ነዋሪነትንና ማንነትን እንጂ ዜግነትን የሚያረጋግጥ ስላልሆነ፣ የፓስፖርቱን ጥያቄ አይፈታውም።

በዓረብ አገሮች አሠሪዎቻቸው ፓስፖርታቸውን የያዙባቸው እህቶቻችንም ይህንኑ መንገድ ያውቁታል። ሊሴ ፓሴ የተባለውን የጉዞ ወረቀት ለማግኘት ወደ ቆንስላ ሲሄዱ የትውልድ ቀበሌያቸውን፣ የቤተሰባቸውን ስም ተናግረው፣ አገር ቤት ያለ ሰው እውነት ነው ሲልላቸው ነው ወረቀቱ የሚወጣላቸው። እሱም ለአንድ ጉዞ ብቻ ያገለግላል።

ጠያቂ፦ ወለላ ዘሜሪላንድ

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ፓስፖርቱን ትተነዋል፣ ለሚቀጥለው ሳምንትም ከአንድ የነጻ የሕግ አገልግሎት ድርጅት ቀጠሮ ይዘናል። አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። በክርስትና ካርዷ ላይ የልደት ቀኗ 30/5/1974 ተብሎ ተጽፏል፤ ድንበር ላይ የተቀበሏት ሰዎችም ይህንኑ እንዳለ ወስደው ግንቦት መጨረሻ፣ 1974 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ብለው መዝግበውታል። በስሟም ላይ የአባቷ ስም በሁለት ዓይነት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይገኛል። ይህ እንደ ውሸት ይቆጠርባት ይሆን?

መላሽ፦ አስተርጓሚ ነኝ

እንዲህ ያለው ከእኛ ሰዎች በአብዛኛው ጉዳይ ውስጥ የሚያጋጥም ነው፤ የሚጎዳውም ሳይነገር ሲቀር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 30 ቀን 1974 ዓ.ም. ማለት ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1982 ነው፤ አሁን ባለው መዝገብ ከስምንት ዓመት ገደማ አስረጅተዋታል። አምስተኛው ወር በእኛ ጥር፣ በእነሱ ሜይ መሆኑን፣ የዓመቱም ቆጠራ በሰባትና በስምንት ዓመት እንደሚለይ በራስ ቃሏ ውስጥ በአንድ አንቀጽ ታስረዳ፤ ማንም ሳይጠይቃት ማለቴ ነው። ስለ ስሟም እንዲሁ፣ በየሰነዱ የሚገኙትን አጻጻፎች በሙሉ ዘርዝራ የአንድ ሰው መሆናቸውን ትግለጽ፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም እንዳልሆነም ትጨምርበት፣ አለዚያ ከወንድሟ ከባለቤትሽ ጋር ያላት ዝምድና ራሱ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል።

ካርዱ ሲተረጎም ተርጓሚው ቀኑን ቀይሮ እንዳይጽፈው ንገሪው። በካርዱ ላይ እንዳለው 30/5/1974 ብሎ አስቀምጦ፣ የተለወጠውን ቀን በማስታወሻ ይጻፍ። ደንቡ የሚጠይቀው ትርጉሙ ሙሉና ትክክለኛ መሆኑን፣ ቋንቋውንም በሚገባ እንደሚያውቅ ተርጓሚው በፊርማው እንዲያረጋግጥ ነው፤ ፈቃድ ያለው ተርጓሚ መሆን የለበትም። ባለቤትሽ ቢተረጉመው የሚከለክል ነገር አላየሁም፤ ወንድሟ ስለሆነ ግን ሌላ ሰው ቢሠራው ይሻላል። ወደ ቀጠሮው ስትሄዱ ዋናውን ካርድ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለማንም ትታችሁ አትምጡ፣ ቅጂው ይበቃቸዋል።